ጣራው ላይ የቀረው ልጅ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ደረጃው ለሁላችንም ይበቃል። ትንንሾቹ ከታች ሁኑ፤ ጉልበት የሚያማችሁ ደግሞ ከላይ፣ ግድግዳውን ተደገፉ። ሐሴት፣ የልጅ ልጄ፣ አንቺ እዚህ እግሬ ሥር።

ሰሞኑን ሁላችሁም አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። አሳንሰር ውስጥ ትጠይቁኛላችሁ፣ ውሃ ስቀዳ ትጠይቁኛላችሁ። «ጋሽ ይርዳው፣ ጭልፊት የት ሄደ?» ትላላችሁ። ወላጆቻችሁ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርስዎ ነዎት አሉ ያወረዱት፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። እውነት ነው። እኔ ነኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ሰው ነኝ። ግድግዳዎቻችሁ ላይ ሥዕሉ እንዴት እንደሚመጣ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ገመድ ግን አውቃለሁ። የማወራችሁም የገመድ ነገር ነው።

ጭልፊት ጭልፊት ሳይባል በፊት እኛ ፊልም እንሠራ ነበር። እኛ ስል ስድስት ሰው ነን። አቃቂ አንድ ባዶ መጋዘን ነበረን፤ ጣራው ዝናብ ያስገባል፤ ዝናብ ሲመጣ ፊልሙም ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። ያን ጊዜ ልዩ ኃይል ያላቸው ልጆች ፊልም እንደ ቆሎ ነበር የሚቸበቸበው። በዓይኑ ብረት የሚያቀልጥ ልጅ አለ። ከግድግዳ የምታልፍ ልጅ አለች። በሐሳቧ ታክሲ የምታስቆም ልጅ አለች፤ እሷን እንኳ ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ይመኛት ነበር።

የጠፈር መንኮራኩራችን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከበሮ ነው። የመንኮራኩሩ መሪ የሞቱ ስልኮች በሙጫ የተለጠፉበት ጣውላ ነው። ቦንብ ሲፈነዳ ዱቄት በማራገቢያ እንበትናለን፤ ጠላትም ወዳጅም እኩል ያስነጥሳል። ከሌላ ዓለም የመጣው አውሬ ሁለት ሰው የሚገባበት የፍራሽ ስፖንጅ ነበር። አንድ ቀን አውሬው ሊያጠቃ ሲሮጥ የኋላ እግሩ ተነቅሎ ቀረ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን፤ ድጋሚ የምንቀርጽበት ጊዜ አልነበረንም። ፊት ለፊቱ የቆመው ልጅ ግን ቀና ብሎ፣ «እግርህን ረስተሃል፤ ተመለስና ውሰድ፣ እጠብቅሃለሁ» አለው። እንደዚያው ተላለፈ። ሰው ደግሞ ያቺን ቦታ ነው አብልጦ የወደዳት።

ያ ልጅ ያቤጽ ነው። ጭልፊት የምትሉት እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የጎን ጥርሱ ወልቋል። እናቱ ትርንጎ ልብስ ሰፊያችን ነበረች። የስፌት መኪናዋን ብርሃን ፍለጋ በስተቀኝ በሩ ጋ አስቀምጣ ነው የምትሰፋው። ልጇን የሚይዝላት ሰው ስላልነበራት ይዛው ትመጣ ነበር። ዳይሬክተራችን ኤርሚያስ ሥራ ፈቶ ሲዘዋወር አየውና፣ «ይሄን ልጅ ለምን አናበርረውም?» አለ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ማብረሩ የኔ ሥራ ነው። ትርንጎ ከአሮጌ ሚኒባስ የተፈታ የወንበር ቀበቶ በልኩ ሰፋችለት፤ ከሸሚዙ ሥር ይታጠቀዋል። ቀበቶው ጀርባው ላይ የብረት ቀለበት አለው። ከላይ ቀይ ካባ ይደርባል። እሱንም ከመጋረጃ ነው የሰፋችው። ካባው መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ የገመዱ መንጠቆ በስንጥቁ ገብቶ ቀለበቱን ይይዛል። ልጁ ከሁለት ፎቅ በሚበልጥ የብረት መወጣጫ ላይ፣ ጣራ መስሎ በተቀባ ጣውላ ጫፍ ይቆማል። እኔ በስተግራ ከታች ቆሜ ገመዱን እይዛለሁ። ገመዱ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ ኋላ ከሥዕሉ ላይ ያጠፉታል። እኔንም አብረው ያጠፉኛል።

አሁን ይህችን ልብ በሉልኝ። አባቴ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ጉድጓድ ቆፋሪ ዘንድ አንድ ሕግ አለ። ከላይ ያለው ሰው ከታች ያለውን ሳይጠይቅ ገመድ አይስብም። «ልሳብ?» ይላል። ከታች «ሳብ» ሲባል ብቻ ይስባል። አባቴ እንዲያውም፣ «ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቢሞት እንኳ መጀመሪያ ትጠይቀዋለህ። መልስ ባይኖርም ትጠይቀዋለህ፤ ከዚያ ነው የምታወጣው» ይለኝ ነበር። በዚያ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ ያቤጽንም እጠይቀዋለሁ። «ልሳብ?» እላለሁ። እሱ እጁን ወደ ጀርባው ይልክና ቀለበቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፤ መንጠቆው መግባቱን ሲያውቅ ወደ ግራ ዞሮ ያየኛል። «ሳብ» ይላል። ያን ጊዜ ይበራል። ሲጨርስ፣ «ላውርድህ?» እለዋለሁ። «አውርደኝ፣ ጋሼ» ይላል። እግሩ መሬት ሲነካ መንጠቆውን ራሱ ይፈታና ካባውን እየጎተተ ወደ ቀኝ፣ ወደ እናቱ ይሮጣል።

አንድ ቀን ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ ምን ትጠይቀኛለህ? ሳብ እንደምልህ ታውቅ የለ እንዴ?» አለኝ።

«ባውቅም እጠይቃለሁ።»

«አልልህም ብልስ?»

«እስክትል እቆማለሁ።»

«እስከ ማታ?»

«እስከ ማታ።»

«ሽበት እስካወጣ?»

«አንተ ሽበት ስታወጣ እኔ የምኖር ይመስልሃል፣ አንተ ሽማግሌ?»

ሳቀ። «እንግዲያው እኔ እጠብቅሃለሁ» አለኝ።

ከዚያ አንድ ድርጅት መጣ። ፊልሞቻችንን ጠቅልሎ ወሰደ፤ የልጁንም የመልክና የድምፅ ቅጂ እንወስዳለን አሉ። ነጭ ክፍል አስገቡት። በርጩማ ላይ አቁመው ከፊትም ከኋላም አዩት። ሳቅ አሉት፣ ሳቀ። አልቅስ አሉት፤ እንቢ ብሎ ቆየና እናቱን ከክፍሉ ሲያስወጧት አለቀሰ። ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር አስጠሩት። አንድ ቀን ሙሉ እኔ ስስበው ሳወርደው ዋልኩ። በመጨረሻ ለትርንጎ ወረቀት ሰጧት። እሷ ማንበብ ስላልቻለች እኔ አነበብኩላት። «ተመልካች እስካለ ድረስ» ይላል አንድ ቦታ። «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ሰው አንድ ፊልም ወዶ ስንት ዓመት ይቆያል? ሁለት? ሦስት?» አልኳት። በኔ ቃል ፈረመች።

በሳምንቱ ነው።

ኤርሚያስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይቸኩላል እንጂ። በዚያን ዕለት ጠዋት፣ «ጋሽ ይርዳው፣ ድምፅህ እየገባብኝ ነው። በየበረራው ሥር አንድ ‹ልሳብ› አለ። ዛሬ በምልክት እንሥራ። እጄን ሳወርድ ሳብ» አለኝ።

«ልጁን ሳልጠይቅ?»

«መቶ ጊዜ ጠይቀኸዋል እኮ።»

እውነቱን ነው አልኩ። መቶ ጊዜ ጠይቄዋለሁ።

ያቤጽ ወጣ። መንጠቆውን አስገባ። መንጠቆው ግን ቀለበቱን አልያዘም፤ የካባውን ጨርቅ ነው የያዘው። እጁን ወደ ኋላ ሲልክ አየሁት፤ ሊፈትሽ ነው። ኤርሚያስ እጁን አወረደ። እኔ ሳብኩ። ልጁ ከጣውላው ተነሣ፤ ሁለት ክንድ ያህል ሄደ። ወደ ግራ ዞሮ እያየኝ ነበር። ከዚያ ጨርቁ ተቀደደ።

በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ድንኳን ውስጥ ኤርሚያስ ከአጠገባችን ተቀምጦ ለአንድ ሰው፣ «ስፌቱ ነው የለቀቀው» ሲል ትርንጎ ሰማች። እኔም ሰማሁ። ትርንጎ ጣቶቿን አየች፤ አገላብጣ አየቻቸው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ አልተናገርኩም። በነጋታውም፣ በሌላውም ቀን አልተናገርኩም። ያልተናገሩት ነገር ደግሞ ካደረ በኋላ አፍ ውስጥ ይከብዳል።

ከቀብር በዘጠነኛው ቀን ከቅጂው የተሠራው አዲሱ ፊልም ወጣ። ሠፈሩ ውስጥ የነበሩ ልጆች ሮጠው ልቅሶ ቤቱ ድረስ መጡ። «እትዬ ትርንጎ፣ ልቅሶውን ተዉት» አሏት። «ያቤጽ በረረ እኮ። አሁን አየነው።»

ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከእናንተ ሕይወት ጋር ስለኖረ አይታያችሁም እንጂ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግድግዳው ይበራል፤ ጭልፊት ልጁን በስሙ ጠርቶ ይቀሰቅሰዋል። ጥርስ ሲፋቅ አብሮ ይፋቃል። ቁርስ ላይ እሱ ሳይጎርስ የሚጎርስ ልጅ የለም። ትምህርት ቤት ስም የሚጠራው እሱ ነው። ክትባት ሲሰጥ እጁን ቀድሞ የሚዘረጋው እሱ ነው። በየዕለቱ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ፊልም አለው፤ ያንኑ ሠፈር፣ ያንኑ ደረጃ፣ የዚያኑ ልጅ አሻንጉሊት ሳይቀር ያስገባበታል። ሐሴት አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ዛሬ ጭልፊት የጠፋ ጫማዬን ከደመና ላይ አወረደልኝ» አለችኝ። ጫማው አልጋ ሥር ነበር። እኔ ነኝ ያገኘሁት። እንዳልናገር ዋጥ አደረግሁት።

ከመብረሩ በፊት ታዲያ፣ አስታወሳችሁ? እጁን ወደ ጀርባው ልኮ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። ወደ ግራ ወደ ታች ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ይበራል። እናንተም በጨዋታ ከግንብ ስትዘሉ እንደሱ ነው የምታደርጉት፤ ጀርባችሁን መታ መታ፣ ወደ ግራ ማየት። እናቶቻችሁም በልጅነታቸው እንዲሁ ሲዘሉ አይቻለሁ። ኃይሉ የሚመጣው ከዚያ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ። እኔ በመንገድ ሳልፍ ግንብ ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ ወደ ግራ ዞሮ ሲያይ፣ የሚያየው እኔን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ከተማ ስሄድ ወደ ቀኝ ወደ ቀኝ ነው የምሄደው።

ባለፈው ወር ሰኞ ጠዋት ግን ቆመ። ጭልፊት ጣራው ጫፍ ላይ ወጣ፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገ፤ ወደ ግራ ዞሮ አየ። አልበረረም። እንደዚያው እያየ ቀረ። በሁሉም ቤት፣ በሁሉም ክፍል፣ በሁሉም አውቶቡስ። አልተናገረም፤ ስም አልጠራም። ዓይኑን ያርገበግባል፤ ነፋሱ ካባውን ያወዛውዛል። ሌላ የለም።

ማክሰኞ ቁርስ የበላ ልጅ ጥቂት ነው። ረቡዕ ሐሴት እዚህ ደረጃ ላይ፣ አሁን ተሾመ የተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ ወጣችና አንድ እግሯን አንሥታ ወደ ግራ እያየች ቆመች። «ውረጂ እንጂ» አልኳት። «ይጠብቅ የለ? እኔም እጠብቃለሁ» አለችኝ። ወደ ግቢው ባይ በየደረጃው፣ በየበረንዳው ልጅ ቆሟል። አንዱም አይጫወትም። ሁሉም ወደ ግራ ያያል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት በሬን አንኳኳች። ሶልያና እባላለሁ አለች፤ ከድርጅቱ ናት። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም።

«ጋሽ ይርዳው ማለት እርስዎ ነዎት? የገመዱ?»

«በዚህ ሕንፃ ሌላ ይርዳው የለም። ግቢ፣ ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።»

ተቀመጠች። ያቀረብኩላትን ውሃ ሳትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አወራችኝ። «ባለፈው እሑድ የፊልሙን ድምፅ አጸዳን። ከሥሩ የቆየ ጫጫታ ነበረ፤ ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞች የመጣ። ማንም አይሰማውም፤ ለማሽኑ ግን ያስቸግራል ብለን አወጣነው። ከዚያ በኋላ ነው የቆመው።»

«ምን ዓይነት ጫጫታ?»

«የሰው ድምፅ ነው የሚመስለው። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት። መልሰን ልናስገባው ብንል ጠፍቷል፤ የጸዳ አይመለስም። አንድ የድሮ ደብተር ላይ ‹ገመድ፦ ይርዳው› የሚል አገኘን።»

ያ ልጅ ሠላሳ አራት ዓመት የበረረው እየጠየቅሁት ነበር ማለት ነው። እኔ ሳላውቅ፣ ተኝቼም፣ ስበላም፣ እጠይቀው ነበር። እሱም ሳይጠየቅ አልበርም ብሏል። እኔ ከአባቴ ተምሬ አንድ ቀን የረሳሁትን እሱ ከኔ ተምሮ አልረሳም።

«ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«አንዲት ቃል ብቻ። ‹ልሳብ?› ይበሉልን። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ ይልልናል፤ ሁለተኛ አናስቸግርዎትም።»

«እስከ መቼ ነው የሚልላችሁ?»

አሰበች። «ተመልካች እስካለ ድረስ።»

«እናቱ አለች» አልኳት።

«ፈርማለች እኮ፣ አባባ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ።»

«እኔ ነኝ ያነበብኩላት። ነገ ጠዋት መልሴን ትሰሚያለሽ።»

ወዲያው ወደ ትርንጎ ሄድኩ። ቃሊቲ ነው የምትኖረው። ለበዓል እደውልላታለሁ እንጂ ፊት ለፊቷ ከቆምኩ ብዙ ዘመን ነው። በሩን ከፈተችልኝ፤ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። «ይርዳው ነህ? ቆመህ አትቅር፤ የቆመ ሰው ሰልችቶኛል» አለች።

ድርጅቱ ያስገባላት ግድግዳ ላይ መጋረጃ ሰቅላበታለች። ስፌት አይደለም፤ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በመርፌ ክር እንዳላስገባች ሰው ነግሮኛል። መጋረጃውን ገለጠችው። ጣራው ጫፍ ላይ ነበር፤ ወደ ግራ ወደ ታች ያያል።

«ሌላ ጊዜ በቀን አንዴ፣ ስታጠብ ብቻ ነበር የምገልጠው» አለች። «እንደምን አደርሽ እማዬ ይለኛል፤ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ይለኛል። አልመልስለትም። እሱ መስሎኝ እንዳልጃጃል። አሁን ግን ሦስት ቀኑ፤ አልተቀመጠም። ይርዳው፣ ውሸትም ቢሆን ይደክመዋል።»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት። «ትርንጎ፣ የዚያን ቀን አልጠየቅሁትም። ኤርሚያስ በምልክት አለኝ፤ ልጁ ሊፈትሽ እጁን ልኮ ነበር፤ አየሁት፤ ሳብኩ። መንጠቆው ጨርቁን ነበር የያዘው። ያንቺ ስፌት አይደለም። ድንኳን ውስጥ መናገር ነበረብኝ።»

ተነሥታ ከሳጥኗ አንድ እጥፍ ጨርቅ አወጣች። ቀይ ነው፤ ደብዝዟል። ጭኗ ላይ ዘረጋችውና ጣቴን ይዛ በስፌቱ ላይ አስሄደችው። ከዳር እስከ ዳር ደህና ነው፤ አንድ ክር አልለቀቀም። የተቀደደው ከስፌቱ በአንድ ጣት ርቀት፣ ደህና ጨርቅ ላይ ነው።

«ስፌቴ እንዳልለቀቀ አውቃለሁ» አለች። «አገር ምድሩ ግን ለቀቀ አለ። እኔም አንዳንድ ሌሊት ለቀቀ እላለሁ። ከዚያ ተነሥቼ እዳስሰዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ይኸው ነው ሥራዬ። መቼ ይመጣል እያልኩ ነበር አንተን።»

«ትርንጎ፣ ይቅር…»

«እሱን ሌላ ቀን እናየዋለን።» ካባውን አጣጠፈችው። «ልጄን እንደገና ልትስበው ነው የጠሩህ?»

«እንድስበው ነው የፈለጉት።»

«አትሳበው። አውርድልኝ።»

በነጋታው አብረን ሄድን። ሶልያና እናቱ መሆኗን ስነግራት ወንበር አመጣችላት። ትርንጎ ወንበሩን ሳበችና በስተቀኝ፣ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ማንም እዚያ አድርጊው አላላትም። እኔን በስተግራ አቆሙኝ። ፊት ለፊታችን ግድግዳው እስከ ጣራ ድረስ ነው፤ ልጁ በቁመቱ ልክ ከላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀጥታ እኔ ላይ ነው የወደቀው።

ሶልያና፣ «አሁን የሚሉት በሁሉም ቤት ነው የሚሰማው፤ ሲዘጋጁ ይበሉ» አለችኝ።

እጄን አየሁት። ገመድ እንደያዘ ሰው ጨብጬዋለሁ፤ መቼ እንደጨበጥኩት አላውቅም። የአባቴ ቃል መጣብኝ፤ መልስ ባይኖርም ትጠይቀዋለህ።

«ያቤጽ» አልኩት።

ዓይኑን አርገበገበ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚያ ስም የጠራው ሰው አልነበረም።

«ያቤጽ፣ ላውርድህ?»

ሶልያና ወደኔ ዞረች። ልታስቆመኝ እጇን አነሣች፤ ከዚያ ልጁን አይታ እጇ እንደተነሣ ቀረ። ልጁ ፊቱን ፈታ አደረገ። የጎን ጥርሱ የወለቀበት ቦታ ታየ። በነጩ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይላት የነበረችውን፣ የትኛውም ፊልም ላይ ያልገባችውን ቃል አላት።

«አውርደኝ፣ ጋሼ። ቆየህ።»

«ቆየህ» የምትለዋን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። በነጩ ክፍል አላላትም። ሶልያናንም ጠየቅኋት፤ እሷም አታውቅም።

ቀስ ብሎ ወረደ። አልበረረም፤ ገመድ ላይ እንዳለ ልጅ፣ ትንሽ እየተሽከረከረ ወረደ። እግሩ መሬት ነካ። እጁን ወደ ጀርባው ልኮ መንጠቆውን ፈታ። ከዚያ ካባውን እየጎተተ ወደ ቀኝ ሮጠ፤ ትርንጎ ወደተቀመጠችበት። የግድግዳው ጠርዝ ጋ ሲደርስ አለፈው፤ ከዚያ ወዲያ አልታየም። ትርንጎ እጆቿን ጭኗ ላይ ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ካባው በነፋሱ የነካት ይመስል ነጠላዋ ብድግ ብሎ ሲመለስ ያየሁ መሰለኝ። ሽማግሌ ነኝ፤ ዓይኔን አትመኑት። እሷን ስጠይቃት፣ «እኔ ምንም አላየሁም፤ ጭኔ ግን ሞቆኛል» ነው ያለችኝ።

በየቤታችሁ ያያችሁት እሱን ነው። ጣራው አለ፤ ሰማዩ አለ፤ ልጁ የለም። ድርጅቱ ደጋግሞ ጠራው አሉ። ሲጠሩት ጣራው ይመጣል፤ ባዶውን። እኔን ከስሰውኝ ነበር፤ ኋላ ግን ምን ብለን እንክሰሰው ተባባሉ መሰለኝ ተዉት። የተጠየቅሁትን አልኩ፤ ቃሏ ትንሽ ተለወጠች እንጂ። ሶልያና ሥራውን ለቅቃለች፤ ትርንጎ ጋ እየሄደች ልብስ መስፋት ትማራለች። ትርንጎ መርፌ አንሥታለች ማለት ነው። ይቅርታውን ግን እስካሁን አላየነውም። በየሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ በሩን ትከፍትልኛለች፤ ቆመህ አትቅር ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ስለሱ አናነሣም።

እንዳስለቀስኳችሁ አውቃለሁ። ተሾመ ለሁለት ሳምንት አላናገረኝም፤ አንተ፣ ስቀህ አታምልጥ፣ አይቼሃለሁ። ጠዋት የሚቀሰቅሳችሁ ጠፋ። ብቻችሁን ጥርስ መፋቅ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር፤ ሐሴት ነግራኛለች። አሁን እኔ አጠገቧ ቆሜ እፍቃለሁ፤ ጥርስ እንኳ ብዙ የለኝም።

ሐሴት፣ እግርሽ ደንዝዟል መሰለኝ። ላንሣሽ?

ቆዩ፣ ትመልስ። የሚያስቸኩለን የለም።

እሺ ብላለች። እንግዲህ እናንተም ወደየቤታችሁ ግቡ። አንዲት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ጭልፊትን ብትረሱት አይከፋኝም፤ እሱ መጋረጃና ቀለም ነበር። ከሥሩ የነበረውን ልጅ ግን፣ ጥርሱ የወለቀውን፣ አውሬውን እግርህን ረስተሃል ያለውን፣ የትርንጎን ልጅ አስታውሱልኝ። ስሙ ያቤጽ ነው። እኔ ሳልኖርም አንዳንዴ ጥሩልኝ።